የሰማያዊው ቀለም ክስ

ጥቅምት 4
መጀመሪያ ደንቡ። ያሉኝ የድሮ የውሃ ቀለም ሳጥኖች ስድስት ናቸው። ለጌጥ የተቀመጠ የለም፤ በሁሉም ተራ በተራ እሥላለሁ። ሳጥን እጄ ሲገባ እያንዳንዱን ቀለም ሞክሬ መልኩን በቃል እመዘግባለሁ። የተቀባ ወረቀት አላስቀምጥም። ወረቀት ይደበዝዛል፤ ቃል አይደበዝዝም። ተማሪዎቼንም ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው ያስተማርኩት።

ዛሬ የቆርቆሮው ሳጥን ተራ ደረሰ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ። ገና ስከፍተው ማጠፊያው ተሰበረ። ለሰዓት ሠሪው ወዳጄ ወሰድኩለት።
"ይሄማ ከእኔም ከአንተም ያረጀ ነው" አለኝ።
"ቢሆንም ጥርሱ አልረገፈም።"
ሳቅን።

ጥቅምት 12
ሳጥኑ ተመለሰ። ማጠፊያው እንከን አይወጣለትም። ሰማያዊውን ሞከርኩ። መዝገቤ "ጥልቅ፣ ጥርት ያለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ" ይላል። ወረቀቱ ላይ የወጣው ግን ግራጫ ነገር... ብሩሹን አጠብኩ፣ ውሃ ቀየርኩ። ያው። ከድንጋይ ተፈጭቶ የተሠራ ሰማያዊ ነው፤ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። ሳጥኑ ስምንት ቀን የቆየው አንድ ሰው እጅ ነው። ሌላ ምን ይባላል?

ጥቅምት 13
ሄድኩ። ሦስት ደንበኞች ነበሩ። እስኪወጡ መቆየት ነበረብኝ። አልቆየሁም።
"ሰማያዊውን ምን አደረግከው?"
"የቱን ሰማያዊ?"
"የቀየርከውን።"
አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ። "እኔ የነካሁት ማጠፊያውን ነው።"
"አደራ በላ መሆንህን ባውቅ መች አመጣልህ ነበር።"
አንዲት ሴትዮ ሰዓቷን ከጠረጴዛው አነሳች። "ሌላ ቀን እመለሳለሁ" ብላ ወጣች። ሁለቱም ተከተሏት።

ጥቅምት 29
እህቴ ከገበያ መጣች። "ወንድምጋሼ፣ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ደንበኛ ጠፋ አሉ። የሰው ዕቃ ይቀይራል ተብሎ።"
"ማነው ያለው?"
"አንተ ነሃ።"
ካፍ ከወጣ አፋፍ... ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ኅዳር 7
ዝናብ። ምንም አልሣልኩም።

ኅዳር 20
የቀሩትን አምስት ሳጥኖች ከመዝገቡ ጋር አመሳከርኩ። የሁሉም ሰማያዊ ሞቷል። የሚቀመጡበት ቁም ሳጥን ቁልፍ ከኪሴ አይወጣም። ሰዓት ሠሪው አምስቱን በዓይኑም አይቷቸው አያውቅም። እንግዲያ ማን ቀየራቸው?

እህቴን ጠራሁ። "ይሄ ምን ቀለም ነው?"
"ሰማያዊ ነዋ።"
"ደህና አድርገሽ እዪው።"
"ሰማያዊ! ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ። ምን ሆነሃል ዛሬ?"


ኅዳር 23
የዓይን ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። በሁለቱም ዓይኔ። "ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰው አያውቀውም" አለችኝ። "በቢጫ መስታወት ውስጥ እንደማየት ነው። ሰማያዊ ቀድሞ ይደክማል።" ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ስህተት በቀይ ስሰርዝ ኖሬ...

ታኅሣሥ 18
ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የቀኝ ዓይኔ ፋሻ ተነሳ። የቆርቆሮውን ሳጥን ከፈትኩ። ሰማያዊው መዝገቡ እንዳለው ነው። መልሼ ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 21
ሱቁ ሄድኩ። ባዶ ነው። ቀና ሳይል፣ "ምን ልታዘዝ?"
"እኔ ነኝ።"
"አይቻለሁ። የሚጠገን ሰዓት ይዘዋል?"
ሃያ ዓመት አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን ንግግር እንደያዝኩ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 24
ደብዳቤ ጻፍኩለት። እህቴ ወስዳለች። ግልባጩን እዚህ አኖራለሁ።

"ቀለሙን አልቀየርክም። ዓይኔን ሞራ ጋርዶት ነበር፤ የስድስቱም ሳጥን ሰማያዊ ጠፍቶብኝ ነበር። ስምህን ያጠፋሁት ግን በአፌ ነው፣ ለዚያ በዓይኔ አላሳብብም። የሰደብኩህ በሰው ፊት ስለሆነ በወረቀት ይቅርታ ጠይቄ አልገላገልም። ያን ዕለት ሱቅህ የነበሩት ሦስቱ ደንበኞች ቤታቸው የት እንደሆነ ንገረኝ፤ በር በራቸው ሄጄ ዋሽቻለሁ እላለሁ። ከዚያ ገበያተኛ በሚበዛበት ሰዓት ደጃፍህ ቆሜ እንድናገር ፍቀድልኝ። ቀኑን አንተ ቁረጠው። እንዳላይህ ካልክም በአንድ መስመር ጻፍልኝ፤ መስደብ ካሰኘህም ስደበኝ። ብቻ ቶሎ መልስልኝ።"