ፌራሮ የሚለው ስማችን

ልጄ ዮናታን፣ ባለህበት ጣሊያን አገር መድኃኔዓለም ጥላ ከለላ ይሁንህ። እኛ እዚህ አሜሪካ ኦሮራን በረዶ ዘግቶብን ተቀምጠናል።

አባትህ "ልጄን ለቀጥቃጭ ዘር አልድርም" ብሎ ፍቅረኛዋን ልዑልን እንዳታገባ ስለከለከላት፣ እህትህ ስምረት ቤቱን ጥላ ቶርንተን ከተማ ገብታለች። እኔ መኪና አልነዳ፣ አባትህ ወደ እሷ አይወስደኝ፤ መስኮት ሥር እውላለሁ።

በስልክ ያጫወትከኝን ትናንት ምሳ ላይ ለአባትህ ነገርኩት። "ጣሊያኑ አያትህ ባወረሱህ ስም ትኮራለህ፤ ፌራሮ ማለት ግን ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው" አልኩት።

"ማን አለ?"

"ዮናታን፤ እዚያው አያትህ አገር ጠይቆ። ስሙ የወጣላቸው ከሥራቸው ነው።"

የጠቀለለው እንጀራ እጁ ላይ ቀረ። "ስምረት እንዳትሰማ" አለኝ።

እሺ ብዬዋለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። አንተን ግን የከለከለህ የለም። የእጅህን ሥራ ይባርክልህ ልጄ፤ እባክህ ዛሬውኑ ደውልላት።

እናትህ ጤናዬ