«በቃ» የምትለው ቁልፍ

ውድ እታለም፣

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ስልኩን ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተሽ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪዋለሽ፤ ባልሽ ከወዲያ «ጭጬ ናት? ሰላም በያት!» ሲል ልናገር የያዝኩት ሁሉ ይጠፋኛል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። የደብዳቤ ደጉ ነገር አታቋርጪኝም።

ተናድጃለሁ። ይህን መጀመሪያ ልበልና ልገላገል።

ለእማዬ ደውለሽ «ኪቦርዱ አቧራ ከሚጠጣ ሽጡት፣ ገዢ እልካለሁ» ማለትሽን የሰማሁት ከእሷ ነው። ሽንኩርት እየከተፈች፣ እንደ ቀላል ነገር ነገረችኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን እኮ እኔና አንቺ ስለ አዲሱ መጋረጃሽ አውርተን ነበር። ለመጋረጃው ጊዜ ነበረሽ።

ኪቦርዱን የገዛነው ሁለታችን ነን። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ውስጥ፣ ከተሰበረ ማራገቢያ ሥር ተጋድሞ አገኘነው። እኔ ከኋላሽ ቆሜ ቀሚስሽን ይዤ ነበር፤ የተከራከርሽው አንቺ ነሽ። ሻጩ «እህቴ፣ ድምፁ ጥይት ነው!» ሲልሽ «ታዲያ ለምን አይተኮስም?» አልሽው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ስቆ ቀነሰልን። ቤት ወስደን ብሎኖቹን ስንፈታ የበረሮ ቤተሰብ ወጣ። አልጋ ላይ ዘለሽ ወጥተሽ «ከነተከራዮቹ ነው እንዴ የሸጠልን!» ብለሽ ጮህሽ። ውስጡን በጥጥና በአልኮል ያጸዳሁት እኔ ነኝ። አንቺ ከአልጋው ሳትወርጂ ታዢኝ ነበር። ያኔ ያስቀኝ ነበር። አሁን ሳስበው አያስቀኝም።

በየቁልፉ ሥር አንድ አንድ ትንሽ የጎማ ቆብ አለች። ቁልፉን ስትጫኚው ቆቧ ከታች ያለውን ሰሌዳ ትነካና ድምፅ ይወጣል። በረሮዎቹ ሲያልቁ ወርደሽ መጣሽ፤ «ቀስ ብለሽ አንሻት» ብዬሽ ነበር። «አንቺ ደግሞ እንደ አሮጊት!» ብለሽ በጉጠት ጎተትሻት፤ መሀል ላይ ያለችው ተቀደደች። «ምንም አይደል፣ እንፈልግላታለን» አልሽ። ከዚያ የሠርግሽ ወሬ መጣ። ጎማዋን ማን ያስታውሳት?

መሀል ላይ ያለችው ናት እኮ! እኔ የፈጠርኳት ዜማ ዞራ ዞራ የምታርፈው እሷ ላይ ነው። ዜማዋን ከአንቺ በቀር ማንም ሰምቷት አያውቅም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስጫወታት እዚያ ቦታ ላይ ዝም ይልብኛል። የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው ሲስቅ እንደማየት ነው።

ብቻዬን ጎማ ፍለጋ ወጣሁ። እስከ ሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፤ እንደገና ሄጄ እመለሳለሁ። በመጨረሻ እሱ ራሱ ወጥቶ «አንቺ ልጅ፣ በሬን ለመጠበቅ ተቀጥረሻል እንዴ?» አለኝ። አፌ እንቢ ስላለኝ የተቀደደችውን ጎማ ዘረጋሁለት። ወደ ብርሃን ይዞ አያትና «ይቺ አትገኝም፣ የኔ ልጅ። ከሌላ ተመሳሳይ ኪቦርድ ካልተወሰደች አትገኝም። ተዪው፣ ለቤት ጌጥ ይሆንሻል» አለኝ። መልስ ነበረኝ። የመጣልኝ ግን ቤት ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

«ከሌላ ካልተወሰደች» ያላት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለችኝ። ለምን ከሌላ? ከራሱስ? በቀኝ በኩል ጫፍ ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ቁልፍ ማንም አይነካትም። ማንም አልኩ እንጂ አንቺ ትነኪያት ነበር። ዘፈኑን ግማሽ ላይ ብትረሺውም እንኳ፣ እጅሽን ጥርግ አድርገሽ ወስደሽ ያቺን ቁልፍ «ቲን!» ታደርጊና «በቃ!» ትያለሽ። ሁለታችንም እንስቃለን። ሌላ ሥራ አልነበራትም።

ምላጩን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ «ሽጡት» ማለትሽ ትዝ አለኝና የጫፏን ቁልፍ ጎማ ቆረጥኩት። ተናድጄ ነው የቆረጥኩት፤ አልዋሽሽም። የተቀደደችው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት፣ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ተጫንኩት። ድምፁ ወጣ! እንደ ሌሎቹ ጥርት አይልም፤ ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ነው የሚሰማው። ግን ወጣ። ዜማዬን ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። እማዬ ከወጥ ቤት «ሬዲዮውን ማነው የከፈተው?» አለች።

አንጀቴን ያሳረረው ደግሞ ይሄ ነው። ተበላሽቶ እያለ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። እኔ ስጠግነው ፈላጊ መጣለት።

የላክሽው ሰውዬ ዛሬ መጣ፤ ያው በሠርግሽ ላይ የተጫወተው። ተቀመጠ፣ ሞከረው፣ ደስ አለው። «ማነው የጠገነው?» ሲል እማዬ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። እኔ በሩ ላይ ተለጥፌያለሁ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካ ወደ ቀኝ ሄደና ጫፏ ላይ ደረሰ። ዝም።

«ይቺ ሞታለች» አለ። «ግድ የለም፣ ትንሽ ቀንሱልኝና እወስደዋለሁ።»

«አልሞተችም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔ ድምፅ ነበር። «ጎማዋን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ኪቦርዱ አይሸጥም።»

እማዬ «እንዴ! ይቺ ልጅ እንግዳ ፊት አፍ አወጣች?» አለች። ሰውዬውም «በእህትሽ ሠርግ ላይ ስምሽን ብጠይቅሽ ጠረጴዛ ሥር የገባሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ግን ሄጄ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩና ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ያዝኩት። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስለማላውቅ ገመዱን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ሲወጣ እማዬ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ግማሹ የእህትሽ ነው። እሷ ናት ሽጡት ያለችው። እሷ ተዉት ካላለች ሰውዬው ቅዳሜ ተመልሶ ይወስደዋል።» እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑም ያናድዳል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ራሱ ሰውዬው ነው፤ ነገ ወደ እናንተ ሲመለስ በቤታችን በኩል እንዲያልፍ እማዬ ነግራዋለች። ኪቦርድ ሊወስድ መጥቶ ወረቀት ይዞ ይመለሳል። እንዳያነበው ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌዋለሁ፤ ስትከፍቺው ቀስ በይ፣ እንደ ጎማዋ እንዳታደርጊው።

አንብበሽ ስትጨርሺ ለእማዬ ደውይና «ግማሼን ለእሷ ትቼዋለሁ» በያት። ስለ ሌላ ነገር ከመጀመርሽ በፊት ይህን በያት። እንቢ ካልሽ ግን ሰው አትላኪ። ራስሽ ነይና ከእኔ እጅ ውሰጂው። ጫፏ ላይ ያለችውን ብትጫኛት ምንም አትልም። «በቃ» ማለት ካማረሽ፣ ፊቴ ቆመሽ በአፍሽ በይው።

እስከ ቅዳሜ ገመዱን ትራሴ ሥር አድርጌ የምጠብቅሽ፣

ታናሽሽ ጭጬ