ያልተጋነነው በጀት

ሚያዝያ 6
የዓለም ባንክ ሰፈር ታክሲ ወረፋ አያልቅም። ዘግይቼ ገባሁ። የመጪው ዓመት የበጀት ጥያቄ ይዤ ወደ ጋሽ ፈቀደ ገባሁ። አዲሱ ኃላፊያችን ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ።

እንደ ወትሮው ከሚያስፈልገን በላይ ጨምሬበታለሁ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ሠራሽ እግር ይሠራል?»

«አይሠራም ጋሼ። ገንዘብ ሚኒስቴር ይቆርጠዋል ብለን ነው።»

«ታዲያ ውሸት ነዋ! ውዳሴ፣ እውነቱን ጻፊ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ሁሉም መሥሪያ ቤት ይጨምራል። በጀት ቆራጮቹም ያውቃሉ። እንደሚያውቁ እኛም እናውቃለን… ግን ጋሽ ፈቀደ እሁድ እሁድ ፊት ለፊት የማያቸው ሰው ናቸው። ምን ልበል? የሚያስፈልገንን ብቻ ጻፍኩ።

ሚያዝያ 7
ልጄ ጸሎት ዛሬም እያነከሰች መጣች። ዘንድሮ ቁመቷ ተመዘዘ፣ ሰው ሠራሽ እግሯ አጠረባት። ጉቶዋ ቆስሏል። የሠራላት የኛው ማዕከል ነው፤ ዕቃ ግን አልቋል። ቴክኒሻኑ ኢብራር «አዲሱ በጀት ይለቀቅ እንጂ፣ መጀመሪያ የሷን ነው የምሠራው» አለኝ።

ሐምሌ ማለት ነው። እሺ።

ሚያዝያ 23
በጀታችንን ልናስረዳ ገንዘብ ሚኒስቴር ሄድን። ቆራጩ ልጅ እግር ነው፤ ደክሞታል። ከኛ በፊት ስንቱን ሰምቶ…

«ሁላችሁም ትከምሩታላችሁ እኮ» ብሎ ሳቀ።

«እኛ አልከመርንም» አሉ ጋሽ ፈቀደ።

«ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው አባቴ።»

ሲሶውን ቆረጠው። በቃ። ደረጃው ላይ ጋሽ ፈቀደ «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። ያውቃል። የሚፈርመው ግን እሱ አይደለም።

ለምን አልተናደድኩም? እንጃ። ርቦኝ ነበር፣ ፓስቲ በላሁ።

ግንቦት 19
ምንም የለም። ዝናብ።

ሰኔ 27
ፓርላማው በጀት ሲያጸድቅ በቴሌቪዥን አየን። ለዕዳ ክፍያ፣ ለክልሎች ድጎማ፣ ለመንገድ… አንድ እንደራሴ ስለ ወረዳቸው ድልድይ አጥብቀው ጠየቁ። አንዷ ስለ መድኃኒት። መልስ ተሰጠ። እጅ ወጣ። በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

ጸሎት እግሯን አውልቃ ሶፋው ላይ ተጋድማለች።

«እማ፣ ስለኛ አነሱ?»

«አዎ።»

«ምን አሉ?»

«…ይታሰብበታል አሉ።»

አንድም ሰው አላነሳንም። ምን አስዋሸኝ?

ሐምሌ 9
ከቆረጣው በተረፈችው ገንዘብ ለማን እንሥራ የሚል ስብሰባ። ኢብራር «ያደጉት ልጆች ይቅደሙ፣ እግሩ አጥሮባቸው እየቆሰሉ ነው» አለ። ሌሎቹ ጭራሽ እግር የሌላቸው ይቅደሙ አሉ። ከክፍለ ሀገር መጥተው በረንዳ ላይ የሚጠብቁ አሉ። ጠዋት በመሃላቸው አልፌ ነው የገባሁት።

ጋሽ ፈቀደ እጅ አውጡ አሉ። አወጣሁ። በገዛ ልጄ ላይ። ትክክል ነው፣ ሌላ ምን ላደርግ? ጋሽ ፈቀደ አይተውኝ አቀረቀሩ።

እያደር ይጠራል… ልጅስ? ልጅ እያደር ያድጋል እንጂ።

ነሐሴ 2
ጸሎት «መቼ ነው?» ማለት ትታለች።

ጥቅምት 12
ተጨማሪ በጀት የሚፈልግ ይጠይቅ ተባለ። ጋሽ ፈቀደ አስጠሩኝና በሩን ዘጉት።

«እንደ ድሮው አድርጊው።»

«እንዴት ማለት ጋሼ?»

ከአፋቸው እስኪወጣ ጠበቅኩ። ክፋት ነው፣ አውቃለሁ።

«ጨምሪበት» አሉ ቀስ ብለው።

እጥፍ አድርጌ ወሰድኩላቸው። ሳያነቡ ፈረሙ። አሳዘኑኝ።

ቤት ስገባ ጸሎት እግሯን በፌስታል ጠቅልላ በር ላይ አስቀምጣዋለች።

«ለኢብራር ውሰጂለት። መርገጫው ለትንሽ ልጅ ይሆናል ብሎኛል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ክራንቹ ይሻለኛል እማ። ቢያንስ አያምም።»

ባኞ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ውሃው እስኪቋረጥ ድረስ። ከተቋረጠ በኋላም አላቆምኩም፤ ትስማኝ።