ቀለሙ ሲቀየር አላየሁም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል እንዳያዛውሩኝ ፈርቼ፣ ዓይኔ እየደከመ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ ግን ፈሳሹ ወደ ሮዝ መቀየሩን ሳላይ ጠብታ መጨመሬን ቀጠልኩ። አብራኝ የምትሠራው ሀያት፣ «በቃ! ተቀየረ እኮ» ብላ እጄን ያዘችኝ። መምህራችን ሰምተው መጡ።

«አላየሽውም እንዴ?»

ሀያት ልትሸፍንልኝ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። «አላየሁትም፣ ቲቸር። ዓይኔ እየከዳኝ ነው።»

«ታዲያ ምን ብናደርግልሽ ትሠሪያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ውጪ ይሉኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እስከ ሐሙስ አስቢበት አሉኝ።

እስከ የካ አባዶ ድረስ ታክሲ ውስጥ መልሱን ሳሰላስል መጣሁ። ቤት ስገባ እማዬ፣ «እስቲ አንቺ ዓይን አለሽ፣ ይህን ክር አስገቢልኝ» ብላ መርፌ ሰጠችኝ።

ተቀበልኳት። ለእሷ ገና አልነገርኳትም።