ከውርጩ በላይ

መቀሌ፣ ጳጉሜን 2

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? የእናታችን ጉልበት እንዴት ሆነ? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ይህን ደብዳቤ ለእማማ እንዳታነብላት። እንደ ሌላው ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ ጮክ ብለህ አትጀምር። ከቤት ውጣና ብቻህን አንብበው። ለእሷ፣ አባባ ሆስፒታል ነው፣ እታለም ከአጠገቡ አልተለየችም በላት። ስልክህን ሦስት ቀን ሞክሬ አልገባ ስላለኝ ነው የጻፍኩት። ደብዳቤውን የሚያመጣልህን የአውቶቡስ ሾፌር በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ።

አባባ ወደ እኔ የመጣው እንደነገራችሁ ዓይኑን ለመታየት አልነበረም። በመጣ በሦስተኛው ቀን ግራ እጁን እስኪደማ ሲያክ አየሁት። እንቅልፍ አጣ። ውሃ ስሰጠው ብርጭቆው ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ጉሮሮው ይታነቃል። ቶንሲል መሰለኝ። ከሰፈሬ ከዓዲ ሓቂ በባጃጅ ይዤው ወደ ዓይደር ሆስፒታል ስሄድ ነፋሱ ፊቱን ሲነካው እንኳ ያንቀዋል። ባለባጃጁ «ኣጆኹም ኣቦይ»፣ አይዞዎት አባቴ፣ እያለ ሸራውን አወረደልን። ዶክተር ሓፍቶም ገና እንዳየው ወደ ውጭ ጠራኝና፣ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ውሻ ነክሶት ነበር?» አለኝ።

ገብቼ ጠየቅሁት። «ውሻ ነው በይ» አለኝ። የማን ውሻ ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዶክተሩ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ የተነከሰ ሌላ ሰው ካለ መከተብ አለበት እያለ ወተወተው። አባባ እሱ እስኪወጣ ጠበቀና ለእኔ ብቻ ነገረኝ። የነከሰችው ቀይ ቀበሮ ናት። በሰኔ መጨረሻ፣ ላይ ጓሳው ሣር ውስጥ። ሰው ስታይ የምትሸሸው አውሬ በጠራራ ፀሐይ ቀጥ ብላ መጣችበት። ቁስሉን አመድ ነሰነሰበትና ለማንም ሳይናገር ከረመ። ለምን ስለው፣ «ብናገር መንደሩ ዱላውን ይዞ ይወጣል። የቀሩት ሰባት ናቸው» አለኝ። ለሰባት ቀበሮ ብሎ መርፌውን ተወ። የታመመ ሰው ላይ ጮህኩ፣ ወንድሜ። አስታማሚው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከዚያ የአንተን ነገር አነሳ።

ልጆች ሆነን ከላይኛው ምንጭ በላይ ገብስ አይበቅልም ነበር። ጥቅምት ላይ ውርጩ በአንድ ሌሊት ያቃጥለዋል። የጓሳው ሕግም የተሰመረው እዚያው ነው፤ ከምንጩ በላይ ሣር ለክዳን ይታጨዳል እንጂ ማረሻም ውሻም አይወጣም። አባባ ይህን ሠላሳ ዓመት ጠበቀ። አሁን ምን አለኝ መሰለህ? «እኔ መች ጠበቅሁ። ጠባቂው ውርጩ ነበር፤ የጥበቃውን እህል የምበላው ግን እኔ ነበርኩ።» ሳቀ፤ ሳቁም አነቀው።

ውርጩ ከቀረ ዓመታት ሆነው። የታችኛው ማሳ ሙቀትና ተባይ ሲፈጀው አንተ ከሁሉ ቀድመህ ወደ ላይ አረስክ። ስድስት አፍ ይዘህ ምን ታደርግ፤ አልፈርድብህም። ሌሎቹ ተከተሉህ፣ ውሾቻችሁም ተከተሉ። ጠባቂው የገዛ ልጁን መክሰስ አቃተው። ጓሳው ሲታረስ አይጡ ወደ ላይ ሸሸ፤ አይጥ የሚበሉት ቀበሮዎችም ተከትለውት የተራራው ጫፍ ላይ ተጠራቀሙ። ከጫፉ በላይ መሄጃ የላቸውም።

ሚያዝያ ላይ የጠፋውን ውሻህን ጅብ አልበላውም። አባባ ነው የገደለው። ለሃጩን እያዝረበረበ ቀበሮዎቹን ሲነክስ ደርሶበት፣ በዱላ መትቶ እዚያው ቀበረው። አንተ በመንደሩ ፊት እንዳትዋረድ ብሎ ነው ነገሩን የደበቀው።

ይህን ሲነግረኝ ከአልጋው ጠርዝ ብድግ አልኩ። የፋሲካ ዕለት ደውለህ የነገርከኝ ነገር መጣብኝ። እየሳቅክ ነበር። ውሻው አፉን መዝጋት አቅቶት ሲያጓራ የበጉ አጥንት የተሰነቀረበት መሰላችሁ። እጇ ቀጭን ነው ብላችሁ ልጅህን እማዋይሽን አፉ ውስጥ አስገብታ እንድትፈልግ አደረጋችኋት። ምንም አላገኘችም፤ ጥርሱ አይበሉባዋን ቧጨራት። «ይቺ ልጅ ሐኪም ነው የምትሆነው» አልከኝ። እኔም ሳቅሁ።

አጥንት አልነበረም። መንጋጋውን የጣለው በሽታው ነው። ሮጬ ዶክተሩን ጠየቅሁት። በሽታው ሰውነት ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይተኛል አለኝ። ሳይነሳ ከተከተበች ትድናለች። ከተነሳ ግን እሱም ሌላውም የሚያደርግላት የለም። ከፋሲካ ወዲህ አራት ወር ከግማሽ ሆነ።

እጇን ያሳክካታል ወይ ብዬ ልጠይቅህ ፈራሁ። ደብዳቤም አትመልስልኝ፤ ይዘሃት ና። ጤና ጣቢያው ክትባቱ ካለው እዚያው ያስጀምሯት፤ ከሌለው አንድ ሌሊት አትደር። እማማ መጀመሪያ ጠበል ካለች፣ ጠበሉ የትም አይሄድም በላት። የቀሩትን ውሾች እሰር። ቀበሮዎቹን ተዋቸው። እሱ እንዳልነግርህ ለምኖኝ ነበር፤ እኔ ግን ነገርኩህ።

መኪና ልከራይ ብለህ ቀን እንዳታቃጥል፤ ያገኘኸው አውቶቡስ ላይ ውጡ። አባባን ወደ አገሩ አፈር የምንመልስበትን መኪና ባለቤቴ ሓየሎም እያፈላለገ ነው፤ የኋላ ወንበሩ የሚነሳ መሆን አለበት። አባባ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃም ነፋስም አያስፈራውም። እሱ ይቆየናል። እማዋይሽ ግን አትቆይም።

የላስታ ጻድቃን መንገዳችሁን ያቅኑ። ልጅቷን በጤናዋ ዓይኗን ለማየት ያብቃኝ። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፤ ብርታቱን ይስጣት።

እህትህ
እታለም