የግራ ትከሻው ዝቅ ያለው ቀሚስ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ብርድ ሲሆን የሚጠዘጥዝሽ ትከሻሽስ? አማቻችን የሌሊት ፈረቃውን ተገላገለ ወይስ አሁንም እናንተ ስትነሱ ነው የሚተኛው? ልጅሽ ድንቡሼስ እንዴት ናት? የፊት ጥርሷ ወለቀ ካልሽን ወዲህ እማዬ ለሚያውቃትም ለማያውቃትም እያወራች፣ ሰፈሩ በሙሉ የልጅቷን ድድ የጎበኘ ነው የሚመስለው። እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷ አልፎ አልፎ ያስቸግራታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። አባዬ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያንቀላፋል፤ እናጥፋለት ስንል ግን ብድግ ብሎ «እየሰማሁ ነው» ይላል። እኔም ፀጉር ቤቴን ይዤ እንዳለሁ አለሁ። የሰው ፀጉር እሠራለሁ፣ የሰው ወሬ እሰማለሁ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ አንደበቴ ይያዛል፤ እማዬም ከአጠገቤ አትጠፋም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። አደራሽን፣ ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው፤ ቁጭ ብለሽ።

ልብስ ሰፊው መሞቱን ነግሬሽ ነበር። ያኔ ስልኩ ውስጥ ዝም አልሽና ቆየት ብለሽ ስለ ዝናቡ ጠየቅሽኝ። መስመሩ ነው ብዬ አለፍኩት። በቀብሩ ዕለት ሰፈሩ እንዴት እንዳለቀሰ ብታዪ! ለትምህርት ቤታችን ዩኒፎርም ሲሰፋ ኖሮ፣ የማን ሙሽራ፣ የማን ሚዜ ልብስ በእጁ ያላለፈ አለ? ነገር ግን ሬሳው ሲወጣ ከመንገዱ ወዲህ፣ ከፀጉር ቤቴ ደጃፍ፣ ጥቂት ሴቶች ቆመው አየሁ። ዳቦ ጋጋሪዋ አለች፣ የክሊኒኳ ነርስ አለች፣ ሌሎችም አሉ። አያለቅሱም፣ አይነጋገሩም፣ መንገዱንም አይሻገሩም። ለቀስተኛው ካለፈ በኋላ እንኳ ቆመው የሱቁን በር ያዩ ነበር። አንድ ሰው እስኪወጣ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ጠበቃ ዘንድ የሄዱት። ነገሩን በደፈናው ልንገርሽ፤ መዘርዘር አልፈልግም። ትንንሽ ልጆች ሳሉ ለዩኒፎርም ልክ ሲሄዱ ምን ያደርጋቸው እንደነበር ተናገሩ። «ልኩ ተሳስቷል፤ ነገ ከትምህርት በኋላ ብቻሽን ተመለሺ» ይላቸው ነበር። ሁሉም ያንኑ ቃል ነው የተናገሩት፤ እርስ በርስ የማይተዋወቁት ሳይቀሩ።

ጠበቃቸውን እኛ «ቀስ በሉ» ነው የምንላት፤ ሴቶቹ ሲናገሩ ሳግ ሲይዛቸው ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣማ። ፀጉሯን እኔ ዘንድ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆና፣ የሞተ ሰው እንዴት ይከሰሳል ብዬ ጠየቅኋት። «ሞቶ ያመለጠው ሰውየው ነው፤ ቤቱ አላመለጠም» አለችኝ። ሱቁና መኖሪያ ቤቱ ለወንድሙ ልጅ ሊተላለፍ ነው። ከመተላለፉ በፊት ሴቶቹ ለደረሰባቸው ካሳ ከውርሱ ላይ ይጠይቃሉ፤ ከተላለፈ በኋላ ግን የሚጠየቅ ነገር አይኖርም። ካሳው የምን ዋጋ ነው ስላት ዋጋ አይደለም አለችኝ፤ «ይህ ነገር በእርግጥ ተፈጽሟል» ብሎ የሚጽፍ ዳኛ ማግኘት ነው። ዳቦ ጋጋሪዋማ ከሁሉም አስቀድሞ የሱቁ ታፔላ ይውረድልኝ ነው ያለችው። በየጠዋቱ ከሥሩ ነው የምታልፈው።

ወራሹን «ሽቶ» እንለዋለን፤ እሱ ሳይደርስ ጠረኑ ይደርሳል። የሽቶ ጠበቃ በችሎት ተነስቶ፣ ሟች ስንቱን ተማሪ ሲለካ ኖሮ አንዷን ከሌላዋ እንኳ አይለይም ነበር፣ እነዚህን ሴቶች አያውቃቸውም፣ የሞተ ደግሞ መልስ አይሰጥም ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋም ሁሉንም ሰምታ ንብረቱ ይቆጠር ብላ አዘዘች። ለቆጠራው ከጎረቤት ታዛቢ ያስፈልጋል ተባለና ማን ተመረጠ? እኔና ጡሩምባ። ጡሩምባን መቼም አትረሻትም፤ ያው ናት፣ አንድ ነገር ሹክ ካልሻት ሳይመሽ ገበያው ውስጥ ነው።

ወደ ሱቁ የሄድነው በቀትር ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። በሩ ሲከፈት የወጣው አየር ግን ከጉድጓድ የመጣ ይመስል ቀዝቃዛ ነው። መብራቱ ከተቆረጠ ቆይቷል። ሆኖም እርጥብ ጨርቅ ላይ ያረፈ የጋለ ካውያ ይሸታል። አፍንጫዬ ነው አልኩ በልቤ። ጡሩምባም አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ከፍርድ ቤት የመጣው መዝጋቢ ግን «ማነው እዚህ የሚተኩሰው?» ብሎ ጠየቀ። የሚተኩስ ሰው አልነበረም። ካውያው መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ያቺን ጭንቅላት የሌላትን የልብስ ማሳያ ታስታውሻለሽ? ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ አለች። ፊቷን፣ ፊት ባይኖራትም፣ ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች። ጡሩምባ ታቅፋ ወደ መንገድ አዞረቻት። መዝጋቢው የስፌት መኪናውን፣ መቀሶቹን፣ የጨርቅ ጥቅሎቹን እየጻፈ ጥቂት ቆየንና ዞር ስንል ማሳያዋ እንደገና ወደ ግድግዳው ዞራለች። መዝጋቢው ወለሉን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ ጣውላው ዘመም ያለ ስለሆነ ነው አለ። እኔም ጣውላው ነው ብያለሁ። ግን እታለም፣ የዞረችበት ግድግዳ ግድግዳ አልነበረም። የጨርቅ መደርደሪያ ነው፤ ሲገፋ ከኋላው በር አለ።

ምን አደክምሻለሁ፤ በሩን የምታውቂው ከሆነ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ የማታውቂው ከሆነ ደግሞ እሰየው። አልጠይቅሽም።

ጓዳዋ ጠባብ ናት፤ መስኮት የላትም። አንድ የቁም መስታወት አለ፣ በአንሶላ የተሸፈነ። ከመስታወቱ ትይዩ በረጅም ብረት ላይ ልብሶች ተሰቅለዋል። መዝጋቢው የእጅ ባትሪውን ሲያበራ የትምህርት ቤታችን ዩኒፎርም፣ ያ ነጭ ኮሌታ ያለው ሰማያዊ፣ ተደርድሮ ታየን። ያልተወሰደ ሥራ ነው ብለን ነበር። ቀረብ ስንል ግን የልጅ ልክ ብቻ አይደለም። ከልጅ ልክ ይጀምርና ከፍ እያለ፣ ወገቡ እየወጣ፣ ደረቱ እየሰፋ የጎልማሳ ሴት ልክ ይሆናል። ያንኑ ዩኒፎርም፣ ከነነጭ ኮሌታው፣ ለትልቅ ሴት ሰፍቶታል። ሴቶቹ አድገው፣ ወልደው፣ ከብደው ሳለ እሱ እዚያ ጓዳ ውስጥ አብሯቸው ልክ እየቀየረ ይሰፋ ነበር።

የዳቦ ጋጋሪዋን ወዲያው አወቅኩት። ቀኝ ክርኗ አይዘረጋም፤ እጅጌው ለዚያ ተብሎ አጠር፣ ጎበጥ ተደርጎ ተሰፍቷል። ክንዷ የተቃጠለው ግን ዳቦ ቤት ከገባች በኋላ ነው፤ እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ወዲህ የዚያን ሰው ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። በየጠዋቱ በታፔላው ሥር ስታልፍ ከሱቁ መስኮት መስታወት ኋላ ሆኖ በዓይኑ ልኳን ይወስድ ነበር ማለት ነው።

ቁልፉን ይዞ አብሮን የመጣው ሽቶ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽቶ አልሸተተኝም፤ ላብ ነው የሸተተኝ። አጎቱን ይህን ሁሉ ለማን ነው የምትሰፋው ብሎ ጠይቆት እንደነበር ነገረን። «ለደንበኞቼ ነው፤ መምጣታቸው አይቀርም» አለኝ አለ።

ከዚያ የባትሪው ብርሃን ከብረቱ ጫፍ ያለውን ቀሚስ ነካው። የግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ብሎ ተቆርጧል፤ ከውስጥ በኩል እንዳይታወቅ ስስ ጥጥ ተደርጎበታል። ከአጥር ወድቀሽ ትከሻሽ የተሰበረ ጊዜ ወጌሻው ሳያስተካክል ያሰረሽ ትዝ አለኝ። ወገቡን በዓይኔ ለካሁት፤ ባለፈው በላክሽው ፎቶ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። ይህን አገር ለቀሽ ከሄድሽ ስንት ዘመንሽ ነው፤ እሱ ግን ይዞሽ ቀርቷል።

ከቀሚሱ ጎን ደግሞ አንዲት ትንሽ ዩኒፎርም ተሰቅላለች። አዲስ ናት፤ የጫፏ እጥፋት አላለቀም፣ መርፌው ከነክሩ ተሰክቶባታል። የማን እንደሆነች አልገባኝም ነበር። መዝጋቢው ትልቁንም ትንሹንም ከፍ አድርጎ የማን እንደሆነ የምታውቁ አላችሁ ወይ ሲል ጡሩምባ አየችኝ። አውቃለች፤ ትከሻሽን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ዝም አልኩ። ጡሩምባም፣ ታምኚኛለሽ? እሷም ዝም አለች። እስከ ዛሬ ለማንም ቃል አልተነፈሰችም፤ ሰዉ አሟት ይሆን እያለ ይጠይቀኛል። መዝጋቢውም ሁለቱን ባለቤታቸው ያልታወቀ ብሎ ጻፋቸው።

ጠበቃዋ ቀስ በሉ ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ልንገርሽ። ከሌላ ሰፈር አንዲት ሴት ልብስ ሰፊ አመጣች። ሴትየዋ ልብሶቹን ፍርድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ለካች፤ ሴቶቹን ደግሞ ራቅ ያለ ክፍል ውስጥ፣ የመረጡት ሰው አጠገባቸው ሆኖ፣ ከልብሳቸው በላይ ለካች። ማንም ልበሺ አልተባለችም፤ ማንም ጨርቁን በእጇ አልነካችም። ልኩ ከልኩ ገጠመ። የሽቶ ጠበቃ አያውቃቸውም ያለውን ሊደግም ተነስቶ ውሃ ጠየቀ። ዳኛዋ ውሳኔ ከመስጠቷ በፊት የቀረች ካለች እስከ ወሩ መጨረሻ ትቅረብ ብላለች። ባለቤት ያልቀረበለት ልብስ ለወራሹ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ለእማዬ አልነገርኳትም ነበር። ልኩ መግጠሙን ግን ከገበያ ሰምታ መጣች። ገብታ ከሳሎን ግድግዳ ላይ ፎቶዎችሽን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረች። ምን ሆነሻል ብላት አትመልስም። በመጨረሻ የድንቡሼን ፎቶ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቁጭ አለች። የላክሽውን ፎቶ ሁሉ እየወሰደች ለልብስ ሰፊው ታሳየው ኖሯል እኮ! በልጇ ኮርታ ነዋ፤ ልጄን በዩኒፎርሙ ያሳደገልኝ ሰው ነው ብላ። «የልጅቷን ቁመት ጠየቀኝ፤ እስከ በሩ እጀታ ትደርሳለች አልኩት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የዚህን ቤት በር ስትከፍት እጀታውን አትነካውም፤ በክርኗ ነው የምትገፋው።

እኔም ያቺን ትንሽ ዩኒፎርም በዓይነ ሕሊናዬ ከበራችን አጠገብ አቆምኳት። ኮሌታዋ ከእጀታው ዝቅ፣ ልክ አንገት ከሚያርፍበት ላይ ነው።

እታለም፣ አንድ ነገር ብቻ ልበልሽና ልጨርስ። ትምህርት ቤት ስገባ አዲስ ዩኒፎርም አላገኘሁም። ያንቺን አሮጌ ፈትተሽ፣ ገልብጠሽ፣ በእጅሽ ሰፍተሽ አለበስሽኝ። በየዓመቱ እንዲሁ። እማዬ ልብስ ሰፊው ዘንድ ትለካ ስትል አንቺ በር ላይ ቆመሽ ትጮሂ ነበር፣ ይህን ጨርቅ መጣል ኃጢአት ነው እያልሽ። እኔ ደግሞ ስስታም ነሽ ብዬ አኩርፌሽ፣ ልጆቹ ኮሌታዬን እያዩ ሲስቁብኝ በልቤ ስረግምሽ ኖሬያለሁ። የመጨረሻዋን ዩኒፎርም ከሳጥኑ ግርጌ አግኝቻታለሁ። ስፌትሽ እንዴት ጠማማ ነው! መርፌ ጣትሽን የወጋበት ጠቃጠቆ እስካሁን አለ። ገና ልጅ ነበርሽ እኮ። እኔን ማን ይለካኝ ነበር አንቺ ባትኖሪ?

ለቀስ በሉ ስምሽን አልነገርኩም። ስልኳን ከዚህ ጋር በብጣሽ ወረቀት ልኬልሻለሁ፤ ከፈለግሽ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ደውዪ፤ ልክሽን እዚያው ያለሽበት የምታምኛት ሴት ወስዳ ብትልክ ይበቃል ብላለች፤ ያን የጠየቅኋት ሩቅ አገር ያለች አንዲት ሴት ብትኖርስ ብዬ ነው። ካልፈለግሽ ደግሞ አትደውዪ፤ እኔ አንቺን አንድም ቀን አልጠይቅሽም። የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው፦ ቀኑ ሳያልፍ አስቢበት፤ ሽቶ ልብሶቹን ሲረከብ ቀሚሱንም፣ ያችን ትንሿንም ታቅፎ መንገዱን ሲሻገር ፀጉር ቤቴ ቆሜ ማየት አልችልም።

እማዬ በጣም ትናፍቅሻለች፤ ፎቶ እንዳትልኪ ብላለች፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቂዋለሽ። አትቆጫት። አባዬ ትከሻሽን ሙቅ ነገር አድርጊበት ብሎሻል። ጡሩምባ ሰላም በያት ብላኝ፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር ሄደች። ለአማቻችን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሲያዛጋ ይታየኛል። ድንቡሼን ወላቃ ድዷ ላይ ሳሚልኝ። ትምህርት ቤት ስትገባ ዩኒፎርሟን አንቺው በእጅሽ ስፊላት፤ ኮሌታው ይጣመም፣ ልጆቹ ይሳቁ፣ ታኩርፍሽ። ግድ የለም፤ ስታድግ ትጽፍልሻለች።

አዲስ ዩኒፎርም ለብሳ የማታውቀው ታናሽሽ፤

ከአባታችን ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ሐሙስ ጠዋት።