ጨው የገባበት ሻይ

ጥቅምት 5

ያው ነው። ቁርስ፣ ልብስ፣ ጠብ፣ ትምህርት ቤት። መንትዮቹ በአንድ ካልሲ ተናከሱ። ትልቁ ልጅ በር በእርግጫ መታ። የተበደሉ ልጆች የሚያድጉበት ቤት ሞግዚት መሆን ማለት ቀኑን ሙሉ ዳኛ መሆን ነው፤ ይግባኙም አያልቅም።

አዲሷ ልጅ ግን ተባረኪ ታሰኛለች። ስምንት ዓመቷ ነው። የራሷን ሳህን ታጥባለች፣ የሌሎቹንም ታጥባለች። «እትዬ፣ ልጥረግ?» አለችኝ ዛሬም። «እንዳንቺ ያለ ጨዋ ልጅ አላየሁም» አልኳት። ፈገግ አለች... ወይስ ከንፈሯን ብቻ ነው ያንቀሳቀሰችው? ልጆቹ «ወይዘሮ እሺ» ብለዋታል። እኔም ሳቅኩ።

ጥቅምት 9

የልጆቹ የሥነ ልቦና አማካሪ መጣ። ነገሩ ሁሉ ቀስ በቀስ ስለሆነ ልጆቹ «አቶ ቀስ በቀስ» ነው የሚሉት። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኛ እናረጃለን።

አዲሷን፣ ትንሿን ልጅ አመሰገንኩለት።

«አጥፍታ ታውቃለች?»

«ኧረ በፍጹም።»

«አልቅሳስ?»

አሰብኩ... አላየሁም።

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ» አለ።

ልጅ አልረበሸችም ተብሎ ይፈራል? ተናደድኩበት። እሱ በሳምንት አንዴ ብቅ ብሎ ይሄዳል። ልጆቹ ሲናከሱ የሚገላግላቸው ማን ሆነና።

ጥቅምት 11

ዝናብ። አንሶላው አልደረቀም። ወገቤ...

ጥቅምት 14

ጠዋት ተጣድፌ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ስኳር መስሎኝ ጨው ጨመርኩ። ጣሳዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስንቴ ላስቀይራቸው አስቤ ነበር። ትልቁ ልጅ እንትፍ አለ። መንትዮቹ «እትዬ መርዝ አጠጣችን» እያሉ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ዞር ስል ትንሿ ኩባያዋን ጨርሳዋለች። እስከ ዝቃጩ።

«ጨው እኮ ነው። አልቀመስሽውም?»

«ቀመስኩት።»

«ታዲያ?»

«ይጣፍጣል፣ እትዬ።»

ዓይኗ እጄ ላይ ነበር። እጄ ምን ሊያደርግ እንደሚነሳ ትጠብቃለች። ሳቄን ተውኩት።

አክስቷ ቤት «አፍ አበዛሽ» እየተባለች ዕቃ ቤት ይቆለፍባት ነበር። ጎረቤት ነው በሩን ሰብሮ ያወጣት። ይህን እያወቅኩ ነው ጨዋ ስላት የከረምኩት? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የዚህች ልጅ ዝምታ ግን ነቅዟል።

ጥቅምት 20

የቤታችን ኃላፊ ስለ ትንሿ ስብሰባ ጠራች። አክስትየው መጣች። ጭራቅ ነበር የጠበቅኩት... ቀጭን፣ የደከማት ሴት ናት። የወላጆችን ሥልጠና ጨርሳለች። «የእህቴ ልጅ፣ አጥንቴ እኮ ናት» ብላ አለቀሰች። እውነቷን ይሆናል። ሥልጠና ሰውን ይለውጣል? እኔ አላውቅም።

ትንሿን አስጠሯት። ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ «የኔ ቆንጆ፣ ወደ አክስትሽ መመለስ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

«እሺ።»

በቃ። አልጋዋን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ። አማካሪው «ይህ እኮ መልስ አይደለም» ብሎ ተሟገተ። ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረች።

«አብረሻት የምትውዪው አንቺ ነሽ። አስቸግራሽ ታውቃለች?»

«ኧረ የለም።»

የሻዩ ነገር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«እንግዲያው ተስማምተናል?»

«እሺ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ልጆች ወልጄ የዳርኩ ሴት።

ጥቅምት 21

ለምን አልተናገርኩም? ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለውም።

እኔም ልጅ ሆኜ ጨዋ ነበርኩ። ሰፈሩ ሁሉ ያመሰግነኝ ነበር።

ጥቅምት 23

አማካሪው ጨዋታ አመጣ። የተጠየቁትን ሁሉ «እምቢ» ማለት ነው። መንትዮቹ ለዚህ ጨዋታ ነው የተፈጠሩት። የትንሿ ተራ ደረሰ።

«ጫማሽን ስጪኝ» አልኳት። አውልቃ ሰጠችኝ።

«እምቢ በይ እንጂ።»

«እሺ» አለች።

መንትዮቹ እንኳን አልሳቁም።

ጥቅምት 26

ነገ ትሄዳለች። ልብሷን አጣጠፍኩላት። አውጥታ እንደገና አጣጠፈችው፤ ከእኔ ይልቅ አሳመረችው። ምን ልበላት...

ጥቅምት 27

አክስትየው አዲስ ጫማ ይዛላት ማልዳ መጣች። ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆማ «ሻንጣዋን አምጪልኝ» አለችኝ። አማካሪው መሬት መሬት ያያል። ትንሿ መሃላችን ቆማለች። እንደ ሻዩ ቀን እጄን ታያለች።

«አላመጣም» አልኩ።

ኃላፊዋ በደንብ ያልሰማች መሰላት። «ምን አልሽ?»

«እምቢ አልኩ። አላመጣም።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሻዩን፣ ጨውን፣ በጨዋታው አውልቃ የሰጠችኝን ጫማ... ቅደም ተከተልም አልነበረውም። ኃላፊዋ ፊቷ ተለዋወጠ። «ሥራሽን አትፈልጊውም ማለት ነው?» አለችኝ። እፈልገዋለሁ። ሌላ ምን አለኝ?

አክስትየው «ነይ፣ የኔ እናት» ብላ የትንሿን እጅ ያዘች። ትንሿ እኔን አየችኝ፣ ኃላፊዋን አየች፣ መልሳ እኔን። እምቢ ብዬም ማንም አልመታኝም። ማንም አልቆለፈብኝም። እዚያው ቆሜያለሁ። እጇን ቀስ ብላ ከአክስቷ እጅ አወጣች።

«አልሄድም።»

በሹክሹክታ ነው፤ ሁላችንም ግን ሰማን። አክስትየው ጫማውን እንደታቀፈች ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አንጀቴን በላችው፣ እሷም።

ገና አልተወሰነም። ሌላ ስብሰባ ይኖራል፤ ሊወስዷትም ይችላሉ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ የእንጀራ ገመዴም ሊበጠስ ይችላል። ፈርቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ቀዳሁላት። ቀመሰችና ኩባያውን ወደ እኔ ገፋችው።

«ስኳር አንሶታል።»

ጨመርኩላት። እንደገና ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች።

«አሁን ደግሞ በዛ፣ እትዬ።»

ደፍቼ እንደ አዲስ ቀዳሁላት።